የውሰት እስትንፋስ

መብራት የጠፋው መዝሙሩ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ነበር። ኦርጋኑ ጉሮሮውን እንደ ተያዘ ሰው ድምፁ ቁርጥ አለ። ተጫዋቹ ጣቶቹን ወዲያው አላነሣም፤ «ይመጣ ይሆናል» በሚል ተስፋ ዝም ያለውን ገበታ ለጥቂት ጊዜ ሲጫነው ቆየ። ዘማሪዎቹ ግን አላቋረጡም። ከበሮውም አላቋረጠም። ድምፃቸው ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ወደ ደረታቸው ተመለሰ፤ አነስ አለ፣ ግን የሰው ሆነ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ «አየሽ፣ ትንፋሽ የሌለው ነገር እንዲህ ነው» አሏት።

ይህች ንግግር ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣችም። በእኛ አገር «ኦርጋን» ሲባል በሶኬት የሚሠራው፣ ብብት ሥር ተይዞ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ የሚዞረው መሣሪያ ነው። እናትዬዋ ስለ እሱ የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን ይህ መሣሪያ ስሙን የወረሰበት ሌላ ኦርጋን አለ። ያኛው ቁመቱ ፎቅ ቤት ያህላል፤ ክብደቱ በኩንታል አይቆጠርም፤ ከትንፋሽ በቀር ግን ሌላ ሀብት የለውም። ትንፋሹም የራሱ አይደለም። አንድ ሰው ካልነፋለት፣ ሌላው ጣቱን ካላሳረፈበት፣ ቀድሞ የሞተ ሌላ ሰው ደግሞ ከንፈሩን ካላስተካከለለት፣ ዝም ያለ የእንጨትና የእርሳስ ክምር ነው። ያለው ሁሉ ውሰት ነው። በውሰት የሚኖር ነገር ምን ያህል ይኖራል? አምስት መቶ ዓመት ገደማ የኖረ አንድ አውቃለሁ። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን በስሙ ልጀምር።

*

ስሙ ራሱ ውሰት ነው። ግሪኮች «ኦርጋኖን» ሲሉ መሣሪያ ማለታቸው ነበር፤ ማናቸውም ሥራ የሚሠራበት ዕቃ። የአርስጣጣሊስ የሎጂክ መጻሕፍት በአንድነት በዚህ ስም የተጠሩት የማሰቢያ መሣሪያዎች ናቸው ተብሎ ነው። ቃሉ ወደ ግእዝ ሲገባ «አርጋኖን» ሆነ። በአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስም የሚታወቀውን፣ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚደገመውን የእመቤታችንን ምስጋና የማያውቅ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ የለም። ስንት ሰው ግን በየማለዳው አርጋኖን ሲደግም የዜማ ዕቃ ስም እየጠራ መሆኑን ልብ ይላል? አባቶቻችን የመሣሪያውን ስም ወስደው ለመጽሐፍ ሰጡት። ዕቃው ራሱ ግን በቤተ መቅደሱ ቦታ አላገኘም። የያሬድ ዜማ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይበቃዋል፤ የወናፉን ሥራ የሚሠራው የሊቃውንቱ ደረት ነው።

አንድ ጊዜ ግን ዕቃው መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዶን ሮድሪጎ ደ ሊማ የተመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ለዐፄ ልብነ ድንግል ይዞ ከመጣው ገጸ በረከት መካከል፣ ከሰይፉና ከባሩዱ ጎን፣ አንድ የዓለም ካርታና አንድ ኦርጋን ይገኙበት ነበር። ከጓዱ ጋር የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ጽፎ አስቀምጦልናል። ካርታው ዓለሙ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማሳየት፣ ኦርጋኑ ዓለሙ ምን እንደሚመስል ለማሰማት የተላከ ይመስላል።

ነገሥታት ኦርጋን መሰጣጣታቸው የቆየ ወግ ነው። በ757 የቁስጥንጥንያው ቄሣር ቆስጠንጢኖስ አምስተኛ ለፍራንኮቹ ንጉሥ ለፔፒን ኦርጋን ልኮለታል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ መነሻው የእኛው ሰፈር ነው ማለት ይቻላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የዓባይ ውኃ በሚያጠጣት እስክንድርያ፣ ክቴሲቢዮስ የተባለ መሐንዲስ ነፋሱን በውኃ ግፊት ሚዛን አስይዞ ቧንቧዎችን አናገረ። ሮማውያን ይህን ፈጠራ የወሰዱት ወደ ጸሎት ቤት አልነበረም። ግላዲያተሮች በሚዋደቁበት ሜዳ ያስጮኹት ነበር። ዛሬ አውሮፓዊ ሁሉ «የቤተ ክርስቲያን ድምፅ» የሚለው ድምፅ ከደም ሜዳ የተዋሰ ነው። ወደ መቅደሱ ሲገባ የበደለውን ሁሉ ትቶ እንደ ገባ መነኩሴ ነው ልንል እንችላለን።

*

ያ አምስት መቶ ዓመት ገደማ የኖረው ኦርጋን ያለው ሐምቡርግ ነው። የሰሜን ጀርመኗ የወደብ ከተማ አምስት ዋና አብያተ ክርስቲያናት አሏት፤ ከአምስቱ አንዱ በሐዋርያው በዘብዴዎስ ልጅ በያዕቆብ ስም የተሠራው፣ ጀርመኖቹ «ያኮቢ» የሚሉት ነው። ሲሠራ ከከተማው ቅጥር ውጭ ነበር፤ ከተማዋ እያደገች ሄዳ ዋጠችው። ግድግዳው የሰሜኑ ቀይ ጡብ ነው። ከተማዋ በ1529 የሉተርን ሥርዓት ከተቀበለች ወዲህ የሉተራውያን ነው። ገብተው ፊትዎን ወደ መሠዊያው ካዞሩ ምንም አይታይዎትም። ዞር ብለው ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ ነው ሰገነቱ ላይ የተቀመጠውን የሚያዩት። አራት የእጅ ገበታ በደረጃ ተደራርቦ፣ አንድ የእግር ገበታ ከሥር ተዘርግቶ፣ 60 የድምፅ ዓይነት ተሰድሮ፣ አራት ሺህ ገደማ ቧንቧ ቆሟል።

አራት ሺሁን ትተን አንዱን ብቻ ጠጋ ብለን እንየው። ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ ቧንቧ ነው። የታችኛው ጫፉ እንደ ጦር እየቀጠነ ይወርድና ትንሽ ቀዳዳ ላይ ያበቃል። ሠሪዎቹ ይህን ጫፍ «እግር» ይሉታል። ከእግሩ በላይ ያለው ቀጥ ያለ ክፍል «አካል» ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ አግድም የተሰነጠቀ ክፍተት አለ፤ እሱ «አፍ» ነው። አፉ የላይና የታች ከንፈር አለው፤ አንዳንዱም በግራና በቀኝ ጆሮ ይበጅለታል። ነፋሱ በእግሩ ገብቶ በከንፈሮቹ መካከል እንደ ቀጭን ጨርቅ ተስቦ ይወጣል፤ የላይኛውን ከንፈር ሲመታ በአካሉ ውስጥ ያለው አየር ይርገበገባል። ብረቱ ዝም ብሎ ቆሟል፤ የሚዘምረው አየሩ ነው። ሌላ ዘር ደግሞ አለ፤ አፍ በመሆን ፈንታ የነሐስ ምላስ የተበጀለት፣ እንደ መለከት የሚያስገመግም። ከሁሉ ትልቁ ቧንቧ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ድምፁን ከጆሮ ይልቅ የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ይሰማዋል። ትንሹ ከእርሳስ መጻፊያ ይቀጥናል።

ቧንቧ ተቀርጾ ስላለቀ አይናገርም። በትንሽ ቢላ ከንፈሩን የሚያርም፣ የእግሩን ቀዳዳ የሚያጠብና የሚያሰፋ፣ እየነፋ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል። ከንፈሩ አንዴ ከመጠን በላይ ከተቆረጠ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ያ ሰው የሚሠራው በፍርሃት ነው፤ ልጁን አፍ እንደሚያስፈታ ወላጅ። ሥራው ሲያልቅ ጀርመኖቹ ቧንቧው «ተናገረ» ይላሉ። ሰውየው ይሞታል። ያወጣው ንግግር በእርሳሱ ከንፈር ላይ ይቀራል።

ነፋሱስ ከየት ይመጣል? ከወናፍ። የአንጥረኛ ወናፍ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ የኦርጋኑ ወናፍ ያው ነው፣ ቁመቱ ብቻ የአልጋ ያህላል። የኤሌክትሪክ ነፋሽ ከመምጣቱ በፊት ይህን ወናፍ በእግራቸው እየረገጡ የሚያስነፉ ሰዎች ከጀርባ ይቆሙ ነበር። ተጫዋቹ አንዲት እጀታ ሲስብ ከኋላ ትንሽ ደወል ትቃጭላለች፤ «ጀምሩ» ማለት ነው። ምዕመኑ አያያቸውም። በኦርጋን አገር የሚነገር የቆየ ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ቅዳሴውን ጨርሶ ሲወርድ ወናፍ ረጋጩ፣ «ዛሬ እንዴት አድርገን ተጫወትን!» ይለዋል። ተጫዋቹ፣ «ተጫወትን? የተጫወትኩት እኔ ነኝ» ብሎ ያልፋል። በሚቀጥለው እሑድ ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ድምፅ የለም፤ ደግሞ ሲጫን አሁንም የለም። ከጀርባ አንድ ራስ ብቅ ይልና፣ «ማን ነበር የተጫወተው?» ይለዋል።

ጨዋታ ነው፤ ነገሩ ግን ከጨዋታ ያልፋል። የእኛ ቋንቋ ይህን ክርክር ገና በሥሩ ዘግቶታል። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፤ አራቱም የአንድ ግንድ ልጆች ናቸው። በውጭ ሲሆን ነፋስ ያልነውን፣ በአፍንጫችን ሲያልፍ እስትንፋስ፣ ውስጣችን ሲያድር ነፍስ እንለዋለን። ማንም የራሱ ነፋስ የለውም። እፍ ተብሎበት የቆመ ነው፤ ሲጠራው ይመልሳል።

*

ይህን ኦርጋን የሠራው ማን ነው ቢባል፣ መጻሕፍቱ አርፕ ሽኒትገር ይላሉ። የተወለደው በ1648 ነው፤ በሰሜን ጀርመንና በኔዘርላንድ የእሱን ያህል ስሙ የገነነ የኦርጋን ሠሪ የለም። ለዚህችው ከተማ ለቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን 67 ድምፅ ያለው ታላቅ ኦርጋን በ1687 አስረከበ። ከዚያ ወደ ያኮቢ ተሻግሮ ከ1689 እስከ 1693 ሠራ።

ነገር ግን «ሠራ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በያኮቢ ሰገነት ላይ ከእሱ በፊት በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቆመ ኦርጋን ነበረ፤ የፖርቱጋሎቹ ስጦታ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲደርስ እሱም ገና አዲስ ነበር። ቀጥሎ ሸረር የተባለ የባለሙያ ቤተሰብ፣ አባት ለልጅ እያወረሰ፣ አሳደገው። በ1630ዎቹ ደግሞ ጎትፍሪድ ፍሪቸ የተባለው ባለሙያ የራሱን ጨመረበት። ሽኒትገር ሲመጣ ይህን ሁሉ አውርዶ ለአቅላጭ ሊሰጥ ይችል ነበር፤ ብረቱ ገንዘብ ነው። አላደረገውም። የሚበጀውን ቧንቧ ሁሉ አንድ በአንድ እያየ ለየ፤ አጥቦ፣ ጠግኖ፣ ከራሱ አዳዲሶች ጎን አቆመው። ስለዚህ በ1693 የተመረቀው «አዲስ» ኦርጋን ሲዘምር፣ ከዘመሩት ከንፈሮች ብዙዎቹን የከፈቱ ሰዎች ሞተው አጥንታቸው ሳይቀር አፈር ሆኗል።

ቁጠባ ነው የሚል ይኖራል። ቁጠባም ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሹሞች ነጋዴዎች ነበሩ። ግን ቁጠባ ብቻውን አንድን የታወቀ ባለሙያ ስሙ የማይጻፍበትን ሥራ አያሸክመውም። ከእሱ በፊት የነበሩትን ሳይንቅ በእነሱ ላይ የሚጨምር ሰው፣ የገዛ ሥራውም ለሚመጣው ሰው ጥሬ ዕቃ እንደሚሆን አምኗል ማለት ነው። የድጓ መምህር የሚያስተምረው ዜማ የእሱ አይደለም፤ ከመምህሩ ተቀብሎታል። ድምፁ ግን የእሱ ነው። ሁለቱን ሳያምታታ የኖረ መምህር ነው ደቀ መዝሙር የሚያፈራ።

*

ውሰቱን የራስ ለማድረግ የሞከረ አልጠፋም። በ1720 የያኮቢ ኦርጋን ተጫዋች ሞተና ቦታው ክፍት ሆነ። ከአመልካቾቹ አንዱ በኮተን መስፍን ቤት የሚያገለግል የ35 ዓመት ሙዚቀኛ ነበር፤ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ከጌታው ጋር ከሄደበት መንገድ ሲመለስ ሚስቱ ሞታ፣ ተቀብራ ነበር የደረሰው። በኅዳር ሐምቡርግ ገባ።

ከተማዋን ከልጅነቱ ያውቃታል፤ በሉነቡርግ ተማሪ ሳለ አዛውንቱን ኦርጋኒስት ዮሐን አዳም ራይንከንን ለመስማት ይመጣ ነበር። አሁን ራይንከን ከ70 አልፎ፣ በቅድስት ካትሪና ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ ባኽ ሲጫወት ቁጭ ብሎ ሰማ። ባኽ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ስላለቀሱት ስደተኞች የሚናገረውን መዝሙር ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ከልቡ እያፈለቀ ተጫወተው። ባኽ ከሞተ በኋላ የታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው፣ አዛውንቱ ይህ ጥበብ የሞተ መስሏቸው እንደ ነበር፣ በእሱ ግን በሕይወት እንዳለ ማየታቸውን ነገሩት። አንድ ሽማግሌ ለወጣት ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለውም፤ ትንፋሹን ሲያስረክብ ነው።

የያኮቢ ሹሞች ግን ሌላ ሒሳብ ነበራቸው። ለቦታው የሚደረገው ፈተና ሳይደርስ ባኽ ወደ ጌታው ተመለሰ። ሹሞቹም ሹመት በገንዘብ እንደማይሸጥ፣ ሆኖም የተመረጠው ሰው በገዛ ፈቃዱ ምስጋናውን በገንዘብ ቢገልጽ እንደማይከለከል በቃለ ጉባኤያቸው አሰፈሩ። እኛ ለዚህ «እጅ መንሻ» የሚል ጨዋ ቃል አለን፤ ጨዋ ያልሆነውም አለን። ዮሐን ዮአኪም ሃይትማን ተሾመ፤ ለቤተ ክርስቲያኑም 4000 ማርክ ምስጋናውን ገለጸ። የያኮቢው ሰባኪ ኤርድማን ኖይማይስተር በንዴት በገና ስብከቱ ላይ የተናገረውን ማቴዞን የተባለው የሙዚቃ ጸሐፊ መዝግቦታል፤ ከቤተልሔም መላእክት አንዱ እንኳ ወርዶ በያኮቢ ልጫወት ቢል፣ ገንዘብ ከሌለው ወደ መጣበት ከመብረር በቀር ዕድል የለውም ማለቱ ነበር።

ሃይትማን መጥፎ ተጫዋች ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም። የምለው ሌላ ነው። እሱ ለቦታው 4000 ማርክ ከፍሎ የገዛው አግዳሚውን ነው። ባኽ በቦታው አንድም ቀን ሳይቀመጥ፣ ዛሬ ያንን ሰገነት ለመጎብኘት የሚመጣ ሰው የሚጠይቀው የባኽን ነገር ነው። የተገዛው ከገዢው ጋር ተቀበረ። በውሰት የዋለው ግማሽ ሰዓት እስካሁን ይነገራል።

*

ከዚያ ወዲያ ያለው የእሳት ታሪክ ነው። በግንቦት 1842 ሐምቡርግ ለአራት ቀን ነደደች። የሽኒትገር ባለ 67 ድምፁ የኒኮላስ ኦርጋን ከነቤተ ክርስቲያኑ አመድ ሆነ። እሳቱ ያኮቢ ሳይደርስ ቆመ።

በ1917 የመጣው ግን እሳት ለኩሶ አልነበረም፤ ወረቀት ይዞ ነበር። የጀርመን መንግሥት ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ብረት ሲያጥረው የየቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሰበሰበ፤ ቀጥሎ ወደ ኦርጋኖች ዞረ። የፈለገው በፊት ለፊት የቆሙትን ቧንቧዎች ነው። እነዚህ ቆርቆሮ የበዛባቸው፣ ተወልውለው እንደ ብር የሚያበሩ፣ ገብቶ ቀና ያለ ሁሉ «ኦርጋኑ» ብሎ የሚያያቸው ናቸው። የያኮቢም የፊት ቧንቧዎች ወርደው ቀለጡ።

ከጀርባ፣ በጨለማው ውስጥ፣ እርሳስ የበዛባቸው፣ አቧራ የጠገቡ፣ ማንም አይቷቸው የማያውቅ ቧንቧዎች ቆመው ቀሩ። የሸረሮቹ፣ የፍሪቸ፣ የሽኒትገር።

የቅኔ ቤት ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አንጥረኛ የሰም ቅርጽ ሠርቶ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ያነድደዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶው ቦታ ላይ ወርቁ ይገባል። የግጥማችን ትምህርት ሁሉ ከዚህ እቶን የወጣ ነው፤ የሚታየው ሰም፣ የተሰወረው ወርቅ። በሐምቡርግ አንድ መንግሥት ሳያውቅ ይህን ሙያ ሠራ። የሚያበራውን ሰም ነው ብሎ አልወሰደውም፤ ወርቁ እሱ መስሎት ነው። ቀለጠ። ወርቁ በአቧራ ውስጥ ዝም ብሎ ቆየ።

ዝም ያለውን ፈልጎ ያገኘው የቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረም። ሐንስ ሄኒ ያን ልብ ወለድና ተውኔት ጸሐፊ ነበር፤ ጦርነቱን ሽሽት ኖርዌይ ከርሞ የተመለሰ፣ በካህናቱ ዘንድ የማይወደድ ሰው። ከጦርነቱ በኋላ ወደዚያ ሰገነት ወጥቶ፣ በአዳዲሶቹ የፋብሪካ ኦርጋኖች ዘመን ያረጀ ተብሎ የተናቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ለየ። ለማስጠገኛው ተሟገተ፣ ኮንሰርት አዘጋጀ፣ የኦርጋን ሙያንም ራሱ ተማረ። በ1920ዎቹ አውሮፓ ወደ ጥንቱ የኦርጋን አሠራር ፊቷን ስታዞር የያኮቢው አንዱ መምህሯ ነበር። ውሰቱን የሚያስቀጥለው ሁልጊዜ የቤቱ ልጅ አይደለም፤ አንዳንዴ በር ላይ የቆመ እንግዳ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው ጦርነት መጣ። በ1943 በአውሮፓውያን በጋ ሐምቡርግ በቦምብ ነደደች፤ ባኽ ራይንከንን ያስደነቀበት የካትሪና ኦርጋን በዚያ ጠፋ፤ ጥቂት መቶ ቧንቧ ብቻ ተርፎታል። ያኮቢ የተመታው በሰኔ 1944 ነው። ጣሪያው ወደቀ፤ የኦርጋኑ የእንጨት ቤት ነደደ። ኦርጋኑ ግን በውስጡ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1942፣ ባለሙያዎች መጥተው ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከጉድጓዳቸው ነቅለው፣ ነፋሱ የሚታመቅባቸውን ሣጥኖችና ቅርጻ ቅርጾቹን ፈትተው፣ ቦምብ ከማይደርስበት አሽሽተውታል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ያንን ኦርጋን ያዳነው ጽናቱ አልነበረም። ጸንቶ የቆመው ሁሉ ነደደ፤ ጣሪያው ጸንቶ ነበር፣ የእንጨት ቤቱም ጸንቶ ነበር። ኦርጋኑን ያዳነው መፈታት መቻሉ ነው። እያንዳንዱ ቧንቧ በሙጫና በብየዳ ሳይታሰር በራሱ እግር፣ በራሱ ጉድጓድ ቆሟል፤ የሚያስተሳስራቸው ነፋሱ ብቻ ነው። ሽኒትገር የሸረሮቹን ቧንቧ ወስዶ ለመጠቀም የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በ1942ም ለማሸሽ የተቻለው በዚሁ ምክንያት። የሚፈታ ነገር ይወረሳል። የማይፈታው ከባለቤቱ ጋር ይሞታል።

እኛም ይህን እናውቃለን፤ ከፍለንበታል። በግራኝ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲነድዱ የተረፈው ዜማ በግድግዳ ላይ የተጻፈው አልነበረም። በየዋሻው የተሸሸገው ብራናና በየደብተራው ደረት ውስጥ የተበተነው ነው። ያሬድ አራት ሺህ ቧንቧ አልነበረውም፤ ደቀ መዛሙርት ነበሩት። እያንዳንዱ በራሱ እግር የቆመ፣ የሚያስተሳስራቸው አንድ እስትንፋስ ብቻ።

*

ከጦርነቱ በኋላ ኦርጋኑ ተመለሰ፤ ግን እንደ ታመመ ሰው ነበር። ሙሉ ጤናውን ያገኘው ከሊር አካባቢ የመጣው ዩርገን አረንድ ለዓመታት ሠርቶ በ1993፣ ሽኒትገር ባስረከበ በ300ኛው ዓመት፣ መልሶ ባቆመው ጊዜ ነው። አረንድ የነደደውን የእንጨት ቤት ከቀሩት ምስሎችና ልኬቶች ተነሥቶ እንደገና ሠራ፤ በ1917 የቀለጡትን የፊት ቧንቧዎች በጥንቱ ሙያ ደግሞ አፈሰሰ። በየዘመኑ የመጡ ጠጋኞች የጨመሩትንና ያጎደሉትን እየለየ ቅኝቱን ወደ ቀድሞው መለሰ።

ስለ ቅኝቱ አንድ ነገር ልበል። የዛሬው ፒያኖ፣ የእኛም የሶኬት ኦርጋን፣ አሥራ ሁለቱን ድምፅ እኩል ከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። ከየትም ቢጀምሩ መንገዱ አንድ ነው። የያኮቢው ቅኝት እንዲህ አይደለም። ለመነሻው ቅርብ የሆኑት ስምምነቶች እንደ ማር ይጣፍጣሉ፤ ርቀው በሄዱ ቁጥር መጎርበጥ ይጀምራል። ደስታ ሩቅ ሲሄድ እንደሚመር ሁሉ፣ ዜማውም የሄደበትን መንገድ በጆሮ ያሳውቃል። ከዛሬው የኦርኬስትራ ልክም አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል። መሲንቆውን ይዞ ከሶኬት ኦርጋን ጎን የተቀመጠ አዝማሪ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ የእሱ አንቺሆዬ በእኩል ክፍፍሉ ውስጥ አልገባ ብሎ፣ ወይ ክሩን እያላላ፣ ወይ ልቡን እያላላ ነው የሚጫወተው። እኩል የተከፈለ ነገር ለሁሉም ይስማማል ይባላል። ለማንም ሳይደላ ይቀራል ቢባልም ስሕተት አይሆንም።

ታዲያ ይህ በ1993 የተመረቀው፣ ያው የሽኒትገር ኦርጋን ነው ወይስ ሌላ? የእንጨት ቤቱ አዲስ ነው፤ ፊቱ አዲስ ነው፤ የሚነፋለት ኤሌክትሪክ ነው። ቧንቧው ከብዙ ሰዎች ዘመን የተለቀመ ነው። ለባለቤትነት ጠበቃ ይህ ከባድ ክስ ነው። ለተዋሰ ሰው ግን ጥያቄው ራሱ አይነሣም። ሞሰብ ከጎረቤት የተዋሰች ሴት ሞሰቡ ያው ነው ወይ ብላ አትጨነቅም፤ ክዳኑ ተጠግኖ፣ ጠርዙ እንደገና ተሰፍቶ ይሆናል። የምትጨነቀው ሳይሰበር መመለሱን ነው።

ያን ዕለት መብራቱ ሲጠፋ የተናገሩት እናት ስለ ኦርጋን ታሪክ ላያውቁ ይችላሉ። ነገር ግን ተጫዋቹ ጣቱን በዝምታው ላይ ጭኖ ሲቆይ ያዩት፣ ወናፍ ረጋጩ ከጀርባ ብቅ ብሎ «ማን ነበር የተጫወተው?» ያለበት ቅጽበት ነው። እኛ የምንጫወተው ሁሉ ከጀርባ በሚነፋልን ነው። መቼ እንደሚቆም አልተነገረንም። እስከዚያው ድረስ ግን ዘማሪዎቹ እንዳደረጉት፣ ወደ ደረት ተመልሶ መቀጠል ይቻላል።

በያኮቢ ሰገነት ላይ ዛሬም ፊት ለፊት የሚያበሩት ቧንቧዎች አዲሶቹ ናቸው። ጎብኚው ቀና ብሎ ፎቶ የሚያነሣው እነሱን ነው። ከኋላቸው፣ ፎቶው በማይደርስበት ጨለማ፣ ግራጫዎቹ ቆመዋል። ተጫዋቹ ጣቱን ሲያሳርፍ ዓይናችን በትናንቱ ብረት ላይ እንዳለ፣ ጆሮአችን የሚሰማው ከአራት መቶ ዓመት በፊት በቢላ የተከፈተ ከንፈር ነው።